ከኦሲሎስኮፕ በፊት አምፖል

በጥር ሠርግ መሀል ድምፅ ሲጠፋ የሚሰደበው ዲጄው ነው። በጉባኤ መሀል ሞንታርቦው ሲያፏጭ ሕዝቡ ዞሮ የሚያፈጠው ሚክሰሩ ጋ በቆመው ልጅ ላይ ነው። በማግስቱ ግን ማጉያው በባጃጅ ተጭኖ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ ጅጋም ሆነ ደንበጫ ይህን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጠባብ ሱቅ አለው። መደርደሪያው ላይ የሞቱ ቴሌቪዥኖችና ባለቤት የረሳቸው ራዲዮኖች ተደርድረዋል። ጠረጴዛው ላይ ሶልደርና አንድ ቢጫ ቴስተር አለ። የሠርጉ አምፕሊፋየር፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ፣ የባንዱ ጊታር አምፕ፣ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ፣ ሁሉም መጨረሻው እሱ ጋ ነው።

የዛሬው ጽሑፍ ስለዚህ ሰው መሣሪያ ነው። የተበላሸ አምፕሊፋየር በምን ይመርመር? መጀመሪያ ምን ይገዛ? ወጪውን ማን ይቻለው? አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በዚህ ጉዳይ ጠጋኙም፣ አሠልጣኙም፣ ደንበኛውም ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ መጀመሪያ የሚያድን መሣሪያ ይገዛል፣ ቀጥሎ የሚለካ፣ በመጨረሻ የሚያሳይ። እኛ ግን ወይ ምንም ሳንገዛ እንገምታለን፣ ወይ ከመጨረሻው እንጀምራለን።

*«በዚህ ጊዜ ስለ አምፕሊፋየር?»*

የሚመጣውን አስተያየት አውቀዋለሁ። «ክልሉ እንዲህ ሆኖ አንተ ስለ ጊታር አምፕ ታወራለህ?» የምትሉ አትጠፉም። አዎ፣ አወራለሁ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ሲቆይ ያየ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። ዕቃ እንደ ልብ በማይገባበት ጊዜ ያለውን ዕቃ ከሞት የሚመልስ ሰው ለከተማው ትልቅ ሀብት ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ጠጋኙ የሰርኪዩት ሥዕል ማውረድ፣ ዩቲዩብ ከፍቶ ሌላው እንዴት እንደሠራው ማየት አይችልም። የሚተማመነው በእውቀቱና በጠረጴዛው ላይ ባለው መለኪያ ብቻ ነው።

ገንዘቡንም እንየው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። በውጭ ገበያ 300 ዶላር የሚሸጥ ዕቃ በፊት 17,100 ብር ማለት ነበር። በ120 ሒሳብ 36,000 ብር ሆነ። ቀረጡና ማጓጓዣው አልተደመረም። እንግዲህ አዲስ አምፕ እንግዛ ሲል የነበረ ባንድ፣ አዲስ ድምፅ ማጉያ እናስገባ ሲል የነበረ ሰበካ ጉባኤ ያለውን ማሠራት ግድ ሆኖበታል። የጥገና ጠረጴዛ ዛሬ የኑሮ ጉዳይ ነው።

*ሳያጣሩ ወሬ*

«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ይላል የአገሬ ሰው። የጥገናችን ትልቁ በሽታ ይኸው ነው፤ ሳያጣሩ መፍረድ። አምፑ ሲከፈት ፊውዙ ተቃጥሏል። ጠጋኙ አዲስ ፊውዝ ያስገባል፤ እሱም ይቃጠላል። ሁለተኛው ይደገማል። ሦስተኛው ላይ ትዕግሥት ያልቅና ፊውዙ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይጠቀለላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያ አምፕ ጠባቂ የለውም። ቀጥሎ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው። ትራንስፎርመሩም ቢተርፍ ቤቱ አለ።

ሁለተኛው የግምት ዓይነት ክፍል መቀያየር ነው። የውጤት ትራንዚስተሮቹ ሾርት አድርገዋል፤ ልክ ነው፣ ይህንን በቴስተር ማወቅ ቀላል ነው። ጠጋኙ አዲስ ጥንድ ገዝቶ ይበይዳል፤ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ አዲሶቹም ይሞታሉ። ለምን? ትራንዚስተሩን የገደለው ሌላ ነገር ስለነበረ ነው። ከኋላው ያለ ድራይቨር፣ የተቆረጠ አነስተኛ ሬዚስተር፣ ባያሱን የሚቆጣጠር ክፍል፣ አንዱ አሁንም እንደተበላሸ ነው። የሞተውን ቀብረን ገዳዩን ቤት ውስጥ ትተነዋል። በዚህ ላይ ገበያው ውስጥ አስመስለው የተሠሩ ትራንዚስተሮች ሞልተዋል። ቱ ኤስ ሲ 5200 እና ቱ ኤስ ኤ 1943 የሚባሉት ታዋቂ ጥንዶች በዓለም ላይ በብዛት ከሚጭበረበሩት ናቸው። ላያቸው ላይ የተጻፈው ትክክል ሆኖ ውስጣቸው ያለው ቁራጭ ግን ትንሽ ነው፤ ጭነት ሲመጣባቸው ይፈነዳሉ። ታዲያ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፣ ወይም ጠጋኙ ከኪሱ ይከስራል። ብዙ ጊዜ የሚከስረው ጠጋኙ ነው።

*አምፖሉ*

ይህን ሁሉ ኪሳራ የሚያስቆመው መሣሪያ የድሮው ክር ያለው ቢጫ አምፖል ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ በመላው ዓለም የድሮ ራዲዮ ጠጋኞች ሲጠቀሙበት የኖሩት ነው። ወደ አምፑ ከሚሄዱት ሁለት የመብራት ገመዶች አንዱን ትቆርጡና መሀሉ ላይ አምፖሉን ታስገባላችሁ። መብራቱ በአምፖሉ በኩል አልፎ ነው አምፑ ጋ የሚደርሰው። አምፑ ጤነኛ ከሆነ አምፖሉ ካፓሲተሮቹ እስኪሞሉ ለአፍታ ቦግ ይልና ይደበዝዛል። አምፑ ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ሙሉ በሙሉ ቦግ ብሎ ይቀራል። 100 ዋት አምፖል በ220 ቮልት ከግማሽ አምፒር በታች ብቻ ስለሚያሳልፍ አዲስ የገባው ትራንዚስተር ሳይፈነዳ፣ ፊውዙ ሳይቃጠል «ተው፣ ገና አልተሠራሁም» ይላችኋል።

ይኼ መሣሪያ አንድ አምፖል፣ አንድ የአምፖል ሶኬት፣ አንድ ግድግዳ ሶኬት፣ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ትንሽ ገመድና የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ኃይል ቆጣቢ ወይም ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የግድ ክር ያለው መሆን አለበት። ባለ ክሩ አምፖል ዛሬ ከሱቅ እየጠፋ ስለሆነ የተገኘ ዕለት ሁለት ሦስት ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል። ገደብም አለው። ፓወር ሰፕላያቸው ስዊቺንግ የሆነ ቀላል ዘመናዊ አምፖች በአምፖሉ በኩል ሲሰኩ ቶሎ ቶሎ በራ ጠፋ ሊሉ ይችላሉ፤ ያ ሁልጊዜ ብልሽት ማለት አይደለም። ከባድ ትራንስፎርመር ላላቸው አምፖች ግን ከዚህ የተሻለ ዘበኛ የለም።

«ይህማ የድሃ መሣሪያ ነው» የሚል ወጣት አይጠፋም። እኔ የምለው፣ ሀብታሙም አገር ያለው ጠጋኝ ይህን አምፖል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል።

*ቴስተሩ*

ቀጥሎ ቴስተር። ገበያውን የሞላው ዲቲ 830 የሚባለው ዓይነት ቢጫ ቴስተር ነው። አልንቀውም፤ ብዙ ሰው እንጀራውን የጋገረበት ነው። ሆኖም ሁለት ነገር ማወቅ ግድ ነው። አንደኛ፣ የዚህ ዓይነት ርካሽ ቴስተር ባለ 9 ቮልት ባትሪው ሲደክም የሚያሳየው ቁጥር ከእውነተኛው ይበልጣል። በደከመ ባትሪ ለክቶ «መብራት ኃይል 260 ላከብን» ብሎ የሚፈርድ ጠጋኝ መብራት ኃይልን ያማል፣ የአምፑን ብልሽት ግን አያገኘውም። ሁለተኛ፣ ከእነዚህ ቴስተሮች ብዙዎቹ ላይ የ10 አምፒሩ ቀዳዳ ውስጥ ፊውዝ የለም። ገመዱን እዚያ እንደሰካ ረስቶ የግድግዳ ሶኬት የሚለካ ሰው እጁ ውስጥ ሾርት ይፈጥራል።

ስለዚህ ምክሬ፣ አቅም ከተገኘ መጀመሪያ የሚሻሻለው ቴስተሩ ይሁን። ውስጡ ትክክለኛ ፊውዝ ያለው፣ ገመዱ ወፍራም፣ ላዩ ላይ ካት 3 የሚል የደኅንነት ደረጃ በእውነት የተጻፈበት ይመረጥ። ርካሹም አይጣል። አንዱ የፓወር ሰፕላዩን ቮልቴጅ ሲጠብቅ ሌላው ሌላ ነጥብ ይለካል። ሁለት ቴስተር ያለው ሰው አንዱ ሲዋሽ ሌላው ይመሰክርበታል።

*ስፒከሩ የመፈተኛ በግ አይደለም*

ሦስተኛው ከሁሉም የተረሳው ነው። ተጠግኖ ያለቀ አምፕ በምን ይሞከራል? በእኛ ዘንድ በደንበኛው ስፒከር ይሞከራል። ይህ በደል ነው። 100 ዋት በ8 ኦም የሚሰጥ አምፕ ውስጥ በተለምዶ 45 ቮልት አካባቢ ዲሲ አለ። አንድ የውጤት ትራንዚስተር ሾርት አድርጎ መከላከያው ካልሠራ ያ 45 ቮልት በቀጥታ ስፒከሩ ላይ ይወርዳል። 45 ቮልት በ8 ኦም 5.6 አምፒር ነው፤ ከ250 ዋት በላይ ሙቀት ማለት ነው። የስፒከሩ ጥቅል ሽቦ ይጨሳል። አምፕ ለማሠራት የመጣ ሰው አምፑም ስፒከሩም ሞቶ ይመለሳል።

መፍትሔው ሁለት እርምጃ ነው። መጀመሪያ ምንም ሳይሰካ የስፒከር መውጫውን በቴስተር ዲሲ ላይ መለካት። ጥቂት ሚሊ ቮልት፣ ቢበዛ ከመቶ በታች ከሆነ ደህና ነው። ቮልቶች ከታዩ ስፒከር አይሰካም፤ ሥራው አላለቀም። ቀጥሎ ስፒከሩን የሚተካ ሬዚስተር መሰካት። እያንዳንዳቸው 8 ኦም 25 ዋት የሆኑ አራት ሬዚስተሮች ሁለት ሁለቱ ተከታትለው፣ ከዚያ ሁለቱ ጥንዶች ጎን ለጎን ሲገናኙ መልሰው 8 ኦም ይሆናሉ፤ 100 ዋትም ይሸከማሉ። አሮጌ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ላይ ይታሰሩ። አምፑ በእነሱ ላይ ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ካልሞተ ለሠርግ ይበቃል። ሬዚስተሩ ላይ 20 ቮልት ኤሲ ከተለካ አምፑ 50 ዋት እየሰጠ ነው፤ 20 ጊዜ 20 ሲካፈል ለ8። የ«ሺህ ዋት» ተለጣፊ ያለበትን አምፕ እውነተኛ ጉልበት የምታውቁትም በዚህ ሒሳብ ነው። በርካሽ አምፖች ጀርባ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የነጋዴው ምኞት ነው።

ድምፁ ከየት ይምጣ? ከስልካችሁ። ጥርት ያለ የ1000 ኸርዝ ድምፅ የሚያወጣ ነፃ አፕ አንድ ጊዜ ካወረዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በዚያ ላይ ካፓሲተርና ትራንዚስተር የሚለይ ትንሽ መመርመሪያ ቢጨመር፣ ካፓሲተሩን አስቀድሞ ማፍሰስ ሳይረሳ፣ የጊታር አምፕ ብልሽት አብዛኛው ይገኛል። የደረቀ ካፓሲተር፣ የተሰነጠቀ ብየዳ፣ የላላ የጃክ መግቢያ፣ የሚንኮሻኮሽ ቮልዩም፤ ለእነዚህ ማንም ሰው የሺህ ዶላር መሣሪያ አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ ሲደመር ከአንድ በግ ዋጋ አይበልጥም።

*ሰው የሚገድለው ብልሽት*

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ጊታር አምፕ ከራዲዮ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ተጫዋቹ ከአምፑ ጋር በብረት የተሳሰረ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች በገመዱ በኩል ከአምፑ የብረት አካል ጋር ይገናኛሉ። ፒክአፕ የተገጠመለት ክራርም በገመዱ ከአምፑ ጋር መተሳሰሩ አይቀርም። የአምፑ አካል ላይ መብራት ከፈሰሰ የጊታሪስቱ ጣቶች ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። ከንፈሩ ደግሞ በሌላ መስመር የተሰካ ማይክራፎን ላይ ነው። መሀል ላይ ያለው ደረቱ ነው። ልብን ለማቆም 30 ሚሊ አምፒር አካባቢ ሊበቃ ይችላል። የቤት ፊውዝ ይህን ከመጤፍ አይቆጥረውም፤ እሱ የተሠራው ገመዱን ለማዳን እንጂ ሰውን ለማዳን አይደለም።

ይህ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 ስቶን ዘ ክሮውስ የተባለው ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ማይክራፎን ሲነካ በኤሌክትሪክ ተይዞ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1976 የያርድበርድስ ድምፃዊ የነበረው ኪዝ ሬልፍ ቤቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጊታር ሲጫወት ሞተ። መብራታቸው የተስተካከለ በሚባል አገር ነው ይህ የሆነው። እኛስ ጋ? ብዙ ቤት የግድግዳው ሶኬት የኧርዝ ብረት ቢኖረውም መሬት ውስጥ የተቀበረ ነገር የለም። ብዙ ዲቫይደር ኧርዝ የለውም። በገጠር ሠርግ መብራቱ ከትንሽ ጄኔሬተር ይመጣል። በላዩ ላይ የእኛው ጠጋኞችና ዲጄዎች አምፑ «ዝዝዝ» ሲል መፍትሔ ብለው የኧርዙን ገመድ ይቆርጣሉ። ዝዝታው ይጠፋል፤ ጠባቂውም አብሮ ይጠፋል።

ይህንን የሚያውቅ መሣሪያ ውድ አይደለም፤ ያው ቴስተሩ ነው። አምፑ ከሶኬት ተነቅሎ ከፕለጉ የኧርዝ ብረት እስከ አምፑ አካል ሲለካ ከአንድ ኦም ማነስ አለበት። ማብሪያው በርቶ፣ አምፑ እንደተነቀለ፣ ከፕለጉ ሁለት እግሮች እስከ አካሉ ሲለካ ምንም መንገድ መኖር የለበትም። ሁለት ልኬት፣ አንድ ደቂቃ። ይህን ሳይለካ የጊታር አምፕ ለባለቤቱ የሚያስረክብ ጠጋኝ ድምፁን መልሶ ሰውየውን አደጋ ላይ ጥሏል። በሱቁ መስመር ላይ በ30 ሚሊ አምፒር የሚቆርጥ ብሬከር ማስገባት ደግሞ ለጠጋኙ ለራሱ ሕይወት ነው። የስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ዋና ካፓሲተር ከሶኬት ተነቅሎም 310 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ባለ አምፖል የድሮ ጊታር አምፕ፣ ፌንደር ይሁን ማርሻል፣ ከ300 እስከ 500 ቮልት ይይዛል። እጅ ከመግባቱ በፊት በሬዚስተር ይፍሰስ፤ ፈስሶ ማለቁ በቴስተር ይረጋገጥ።

*ከመጠምጠም መማር ይቅደም*

ኦሲሎስኮፕን የጠላሁ የመሰለው ካለ ተሳስቷል። ኦሲሎስኮፕ ጆሮ የማይሰማውን ያሳያል። ከድምፅ በላይ በሆነ ፍጥነት እየተንቀጠቀጠ ትራንዚስተሩን ያለ ምክንያት የሚያግል አምፕ፣ ማዕበሉ መሀል ላይ የሚሰበር አምፕ፣ ከጫፍ የሚቆረጥ አምፕ፣ እነዚህን ያለ ኦሲሎስኮፕ መለየት ከባድ ነው። ለድምፅ ሥራ ደግሞ ትልቁ አያስፈልግም፤ ሰው የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ነው፣ ባለ 20 ሜጋ ኸርዝ አሮጌ ኦሲሎስኮፕ ከበቂ በላይ ነው። በመዳፍ የሚያዘው ዲኤስኦ 138 የሚባለው ርካሽ ኪት ግን 200 ኪሎ ኸርዝ ላይ ይቆማል፤ የሙዚቃውን ማዕበል ያሳያል፣ የተደበቀውን ፈጣን መንቀጥቀጥ ሊያመልጠው ይችላል።

ችግሩ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰካ ኦሲሎስኮፕ የመለኪያው ጥቁር ቆንጣጭ ከኧርዝ ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ያልተማረ ሰው ቆንጣጩን ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ የመብራት ወገን ላይ ሲያስቀምጥ ጧ! ይላል። ይህን ለማምለጥ ብለው የኦሲሎስኮፑን ኧርዝ የሚቆርጡም አሉ፤ ያን ጊዜ የመሣሪያው አካል ራሱ ገዳይ ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ ለአምፑ መለያ ትራንስፎርመር መጠቀም ነው። የአባቶቻችን አባባል «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ነው። አምፖሉን፣ ቴስተሩንና ሬዚስተሩን ያልተማረ ሰው ኦሲሎስኮፕ ሲገዛ ሳይማር ጠመጠመ ማለት ነው።

ወደ ማሠልጠኛዎቻችን ልሻገር። የአንድም ተቋም ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ተቋም ጉዳይ አይደለም። ስንቶቻችን ነን ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ ላስቲኩ ሳይነሳ ዓመት የሚቆጥር መሣሪያ ያየን? ጨረታው ሲወጣ ከካታሎግ ይገለበጣል፤ ትልቁ ዕቃ ለሪፖርት ያምራል፤ ርክክቡ ፎቶ ይነሣል። ፊውዝ፣ የቴስተር ገመድ፣ የሶልደር ቆርቆሮ ግን በዕቅዱ የለም። ሠልጣኙም ኦሲሎስኮፑን በሩቅ አይቶ፣ ቴስተር በተራ ይዞ፣ ሲኦሲ ተፈትኖ ይወጣል።

ሒሳቡን እንሥራው። ቅድም ያልነውን የ36,000 ብር ዕቃ ለሃያ ሠልጣኞች ብታካፍሉት ለእያንዳንዳቸው 1,800 ብር ይደርሳል። ያ ገንዘብ የአምፖል ሳጥኑን አሠርቶ ለቴስተሩ ማገዣ ይተርፋል። ሠልጣኙም የሠራውን ሳጥን ይዞ ይውጣ! ምዘናውም ይለወጥ። «የተበላሸውን ክፍል ቀይር» ማለት ብቻ ሳይሆን «ከመቀየርህ በፊት ምን ለካህ? ስንት አገኘህ? ስንት መሆን ነበረበት?» ተብሎ ይጠየቅ። ይህ ለሙዚቃ ብቻ አይደለም። ቡሬ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ፋብሪካ የሚፈልገው ሞተር ሲቆም ለክቶ የሚናገር ሰው ነው። ያ ሰው የሚፈጠረው በትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ በአምፕ ነው።

*ደንበኛም ተጠያቂ ነው*

ጠጋኙን ብቻ ከወቀስኩ አድሎ ይሆናል። ክሊኒክ ስንሄድ ካርድ እናወጣለን፤ ለደም ምርመራ እንከፍላለን፤ ውጤቱ «ምንም የለብህም» ቢሆንም ገንዘቤ ይመለስ አንልም። ሐኪሙ ሳይመረምር መርፌ ቢያነሣ እንጮሃለን። ጠጋኙ ጋ ስንደርስ ግን «ጋሼ፣ ማየት ብቻ ነው፣ ምን ያስከፍላል?» እንላለን። ለክቶ ሁለት ሰዓት ካጠፋ በኋላ «ይህ አይዋጣም፣ ይቅርብህ» ካለን ምስጋና እንኳ አንሰጥም። ታዲያ ለመለካት የማይከፈለው ሰው ለምን መለኪያ ይግዛ? ክፍል በመቀየር ብቻ የሚከፈለው ሰው ክፍል ይቀይራል፤ ያስፈልግም አያስፈልግም። የግምት ጥገናን ያሳደግነው እኛ ነን።

የምርመራ ዋጋ ይከፈል። ጠጋኙም በአጸፋው የለካውን በወረቀት ይስጥ፤ የስፒከር መውጫው ዲሲ ይህን ያህል፣ የኧርዝ ልኬቱ ይህን ያህል፣ በሬዚስተር ላይ የሠራው ይህን ያህል ደቂቃ። ያ ወረቀት የጠጋኙ ዋስትና ነው። አምፑ በሠርጉ ማግስት ተመልሶ ሲመጣ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ለሚለው ደንበኛ መልሱ እዚያ ላይ አለ።

«ጆሮዬ ይበቃኛል» ለሚሉት አንጋፋ ጠጋኞቻችንም በአክብሮት አንድ ቃል አለኝ። ልምዳችሁ ሀብት ነው፤ የስንቱን ቤት ራዲዮ እንዳናገራችሁ እናውቃለን። ሆኖም ጆሮ መሰባበርን ይሰማል እንጂ ዲሲን አይሰማም፤ የተቆረጠ ኧርዝንም አይሰማም። ጥሩ ጆሮ ከጥሩ መለኪያ ጋር ሲገናኝ ነው ባለሙያ የሚባለው።

ኦሲሎስኮፑስ? አትተዉት። ግን ብቻችሁን አትግዙት። በአንድ ከተማ ያሉ አምስት ስድስት ጠጋኞች ዕቁብ ይጣሉ። ሠርግ፣ ቤትና በሬ በዕቁብ የሚገዛ ሕዝብ አንድ ኦሲሎስኮፕና አንድ መለያ ትራንስፎርመር በዕቁብ መግዛት አያቅተውም። ዕቃው የሁሉም ይሁን፤ ከባዱ ብልሽት እሱ ጋ ይሂድ፤ ተቀናቃኝ የነበሩትም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይማከሩ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር የሚያስፈልገን ይህ ነው፤ እርስ በርስ የሚጠያየቅ ባለሙያ።

ስለዚህ የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። ጠጋኝ ወንድሜ፣ ነገ ጠዋት ሱቅህን ስትከፍት የአምፖል ሳጥኑን ሥራ፤ ፊውዝ ላይ ሽቦ አትጠቅልል፤ የጊታር አምፕ ኧርዙን ሳትለካ አታስረክብ። ደንበኛ ሆይ፣ ለምርመራ ክፈል። አሠልጣኝ ሆይ፣ ቁምሳጥኑን ክፈት፤ ከትልቁ ዕቃ በፊት ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ ትንሹን ስጠው። ዲጄና ባንድ ሆይ፣ ዝዝታ ሲበዛ ገመድ ከመቁረጥ ባለሙያ ጥራ።

የሚያድን፣ የሚለካ፣ የሚያሳይ። በዚህ ቅደም ተከተል።

የማይስማማ ሐሳቡን ይጻፍ፤ የሚስማማ ለሚያውቀው ጠጋኝ ያስተላልፍለት።